የኮከቡ ማሊያ

የተጫዋቾች ዝውውር ጊዜ ሊያበቃ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ የትንሿ የሞንታና ከተማ ቅርጫት ኳስ ክለብ ባለቤት ሚስተር ክሪንሾ የኮከቡን ማሊያ አንጠልጥለው ልብስ ሰፊዋ ዶርላ ዘንድ ገቡ። ልማዳቸው ነው፤ ደመወዝ ጨምሩልኝ ያለውን ይሸጡና ስሙን አስፈትተው ማሊያውን ለርካሽ ተተኪ ይሰጣሉ።

«ፍቺው!»

«ይሄን ልጅ ሸጠው ዋንጫውን በቴሌቪዥን ሊያሳዩን ነው?»

«ቴሌቪዥን በነጻ ነው።»

ራሳቸው መቀሱን ነጥቀው ታገሉት፤ ስሙ ንቅንቅ አላለም። ጨርቁ ሊቀደድ ሲል ደንግጠው ተዉት።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«በሙጫ ለጥፌው ነዋ! ክር ተወደደ ብለው የለ?» አለች ዶርላ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች።

«አዲስ ማሊያ ስንት ነው?»

«መቶ ሰማንያ ዶላር።»

ሚስተር ክሪንሾ ላባቸውን ጠርገው ወደ ክለቡ ቢሮ ደወሉ። «ሽያጩ ቀርቷል። ለልጁ የጠየቀውን ሚሊዮን ስጡት፤ ማሊያውን እንዳይቀድብኝ ግን አደራ በሉት!»