የበየደው እጅ

አስናቀው አራዳ ባለው የጥገና ሱቁ ውስጥ የመኪና መመርመሪያውን ኬብል እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። «አያ፣ ሶፍትዌሩን አፕዴት ያድርጉ ማን አለዎት? ውስጡ ያለው ቺፕ ፎርጅድ ነው፤ አፕዴቱ ነቃበትና ዘጋው።»

ኬብሉን ለጥገና ያመጡት ሽማግሌ መካኒክ አጠገቡ ቆመው ያዩታል። አስናቀው የኬብሉን ሶኬት ሽፋን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ብየዳውን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። «ይህን ቺፕ የበየደው እጅ ይቆረጥ! ዛሬ የብየዳ ካውያ የጨበጠ ሁሉ ባለሙያ ነኝ ይላል።»

ሽማግሌው ሽፋኑን አንስተው ገልብጠው ሰጡት። ውስጡ ላይ በቀይ ቀለም የተሣለች ትንሽ መስቀል ነበረች። የመሪጌታ ልጅ ነውና፣ አስናቀው ጠግኖ በጨረሰው ዕቃ ሁሉ ላይ እንዲህ ያለች መስቀል ያኖር ነበር።

«ምነው ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «እጅህን ደበቅኸው?»