ከግንቡ ሥር ያለው ውሃ

«ጋሼ፣ ከሮቶው የሚወርደውን ቫልቭ ይዝጉልኝ» አለኝ ቧንቧ ሠራተኛው ፍሮምሳ፣ ከግንቡ ሥር በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ።

ወደ ግቢ ወጥቼ ዘጋሁትና ተመለስኩ። ከግንቡ ሥር ሲፈስ የነበረው ውሃ ቆሟል።

«አሁን ይክፈቱት።»

ከፈትኩት። ስመለስ ውሃው ከአንድ ያረጀ ቧንቧ ጫፍ እየተገፋ ሲወጣ አየሁ። ፍሮምሳ በአውራ ጣቱ ይዞታል። «የእርስዎ ነው ጋሼ» አለኝ።

ቧንቧውን አወቅኩት። ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶ ለማቡኪያ ብዬ ከሮቶው መስመር ቀጥዬ ወደ ውጭ ያስወጣሁት ነው። ግንባታው ሲያልቅ ጫፉን ከድኜ፣ አፈር አልብሼ ረሳሁት። አሥራ አራት ዓመት ሆነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። አንዱን ዝጉ፣ ሌላውን ክፈቱ፣ ከዚያ እዩ እያልኩ ስንቱን ልጅ አሰልችቻለሁ። ይህችን ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ሙከራ ግን በራሴ ቤት አልሞከርኳትም። ጥፋተኛዋን ቀድሜ አግኝቻታለሁና ሙከራ ምን ያደርግልኛል?

እኛ ሰፈር፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ። በእነዚህ ቀናት ከመስመሩ እንጠቀማለን፤ ሮቶው ይሞላ ብዬ ቫልቩን እዘጋዋለሁ። በሌላው ቀን ከሮቶው ነው። ከግንቤ ሥር ያለው መሬት የሚረጥበው ደግሞ ውሃ በማይመጣበት ቀን ነበር። የእኔ ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ውሃ በሚመጣበት ቀን ይረጥብ ነበር አልኩ። ደብተር አውጥቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ።

ከግንቡ በታች ተከራይታ የምትኖረው አስረሳሽ የሰው ልብስ አጥባ ነው የምትተዳደረው። ማክሰኞና ዓርብ በርሜሎቿን ሞልታ በማግስቱ ታጥባለች። ሠንጠረዤ ልክክ አለ። እሑድ ከረጠበ ቅዳሜ የታጠበበት ነው እያልኩ ሞላሁት። እጣቢውን ተሸክማ አስፋልቱ ዳር ያለው ቦይ ድረስ የምትወስደው ልጇ ማርቲ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መንገዱ ሰልችቷት ከግንቤ ሥር እየደፋችው ነው አልኩና ነገሩን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ግንቡ ቢናድ የሚወድቀው እናትና ልጁ ላይ ስለሆነ ለእነሱም ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

ማርቲ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ «አልደፋሁም» አለች። ሦስተኛ ጊዜ ደብተሬን ገልጬ ቀኖቹን አንድ በአንድ ሳነብላት «ደፍቻለሁ» አለች።

በማግስቱ እናቷ ድንጋይ አሸክማ ደጄ ላይ አንበረከከቻት። እኔም ድንጋዩን ከትከሻዋ አውርጄ ይቅር አልኳት። ይባስ ብዬ እውነቱን ስለተናገረች አመሰገንኳት። አሁን ይህ ትዝ ሲለኝ ጉድጓዱ ውስጥ ብገባ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ አስረሳሽ ቤቷ ማጠብ ትታ በየሰው ቤት እየዞረች ታጥባለች። መሬቱ ግን አልደረቀም። ቀድሞ የጠጣው ነው፣ ይጨርሳል እያልኩ ሁለት ወር ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ግንቡ ሆዱን ሲነፋ ነው ደንግጬ ሾላ ወርጄ ፍሮምሳን ያመጣሁት።

አስረሳሽ ዛሬ ሥራ አላገኘችም። በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም ስታይ ነበር።

«ተገኘ መምህር?»

«ተገኘ።»

«ከወዴት ነው?»

«ከእኔ ቤት። የኔው ቧንቧ ነው አስረሳሽ። ያን ሁሉ ነገር በልጅሽ ላይ…»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ለእኔ ምን ይነግሩኛል?» አለች። «እኔ እናቷ ሆኜ ከእሷ ይልቅ እርስዎን ነው ያመንኩት። ለምሳ ትመጣለች። ለራሷ ይንገሯት።»

ፍሮምሳ አካፋውን አነሳ። «ጫፉን በደንብ ልዝጋውና አፈሩን ልመልሰው?»

«ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ልጅቷ ታየው።»

ማርቲ ቦርሳዋን አዝላ ከታች መጣች። እኔን ስታይ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካየችኝ መንገድ ትቀይራለች፤ አሁን ግን በራቸው ላይ ነኝ። እናቷን አየቻት፤ እናቷ በጭንቅላቷ ጠቅሳ ጠራቻት።

«ማርቲ፣ እዪው» አልኳት። «ውሃው የሚመጣው ከእኔ ቤት ነው። ድሮም ከእኔ ቤት ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ውሃው ሲወጣ አተኩራ አየችው።

«ታዲያ ለምን ደፍቻለሁ አልሽ?» አልኳት። ይህን እንኳ ባልጠይቃት ምናለ።

«ጋሼ ደብተር ላይ ጽፈውታላ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ። «ቀኑን፣ ሰዓቱን ሁሉ። እኔ ደግሞ የት እንደደፋሁ አልጽፍም። ደፍቼው ረስቼው ይሆናል ብዬ ነው።»

ፍሮምሳ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

ማርቲ ተነሳች። ቦርሳዋን አስተካከለችና «እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለች። የጠየቀችው እናቷን ነበር።