አንድ ጋት

እናቷ ትንሿን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር እየጎተተች ነው። በሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣ ማንም እንዲያግዛት ሳትፈቅድ። የጠረጴዛው እግሮች ወለሉን እየፋቁ ይመጡና ትልቁ ገበታ ጋ ሊደርሱ አንድ ጋት ሲቀራቸው ትቆማለች። መዳፏን መሃል አስገብታ ትለካለች። ከዚያ አንድ ሰፊ ነጭ ጨርቅ በሁለቱም ላይ ታለብሳለች፤ ክፍተቱ ከዓይን ይሰወራል።

ሰሎማ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ጠረጴዛዋን መስኮት ሥር ለብቻዋ ያኖረቻት እህቷ ላቪና ናት፣ ገና የሰሎማን ፊት እንዳየች። እናቷ ደግሞ ወደ ገበታው ጎተተቻት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የጠበቃት ሰላምታ ይኸው ነው።

ገና ደጅ ያሉት ጓደኞቿ ይህን አያውቁም። ዊልማና ግሌንዳ ከእሷ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ዓመት አብረው ድስት ያጠቡ ሴቶች ናቸው። ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው በጋሪ የሚሄዱትን የአሚሽ አማኞች መንደር እንይ ብለው፣ ጠዋቱን በካፊያ ዝግ ብለው ሲነዱ፣ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ሲቆሙ፣ ግሌንዳ ከየደጃፉ ማርና ማርማላታ ስትሸምት ነው የቆዩት። ሰሎማ እንግዳ የሚያበላ ቤት አውቃለሁ ብላ ቀጠሮውን በዊልማ ስም አስያዘች። የማን ቤት እንደሆነ ግን ዋጥ አደረገችው። የእናቷ ልብ መድከሙን ከሰማች ወዲህ ሌላ ምኞት የላትም፤ ሳትሞትባት አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ አብራት ማዕድ መቁረስ።

የዚህ አገር ሰው ሲቀጣ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ማዕድ ይለያል። ሰሎማ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጉባኤው ፊት ተንበርክካ፣ የጥምቀቱ ውሃ በፊቷ እየወረደ፣ በሥርዓታቸው ልትኖር ቃል ገባች። በሃያ ሁለት ዓመቷ ከአንድ የወተት መኪና ሾፌር ጋር ሄደች። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሾፌሩ ባሏ ከሞተ እንኳ ስድስት ዓመቱ፣ ቅጣቱ ግን አላረጀም። ቃል ያልገባ አይቀጣምና ዊልማና ግሌንዳ ከእናቷ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ እሷ ወደ ትንሿ ጠረጴዛ ትሄዳለች።

«ምነው ሴትዮ፣ ንቀሽን ነው?» ትላለች ግሌንዳ። ሰሎማ እግሬን ልዘርጋ ብዬ ነው ብላ ታልፈዋለች።

ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው በዝምታ ይጸልያሉ። ከዚያ ዶሮው፣ የተፈጨው ድንች፣ በቀይ ሥር የተዘፈዘፈው እንቁላል ይዞራል። እናቷ ከድስቱ ሥር ያረረውን ፍቃ፣ ሰሎማ በልጅነቷ የምትሻማበትን ያንኑ፣ በሳህን አድርጋ ጨርቁ ላይ ታኖርላታለች። ሰሎማ ጥርግ አድርጋ ትበላዋለች። ሳህኑን ስትመልስ በእጅ አትሰጥም፤ ከእጇ እንደማይቀበሏት ታውቃለች። ጨርቁ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እናቷም ከዚያ ታነሳዋለች። አሮጊቷ ቀና ብላ ልጇን ታያታለች፤ ሥርዓቱን አለመርሳቷን አይታላታለች።

ግሌንዳ ደግ ናት፣ አስቀድማ አድርጋ ኋላ የምትጠይቅ ደግ። የመረቁን ሳህን ለሰሎማ ልታቀርብ ጨርቁ ላይ ስታሳርፈው ሳህኑ ይሰምጣል፣ መረቁ ይፈሳል።

«እዚህ መሃል ክፍት ነው እኮ!» ትላለችና ተነስታ፣ ማንም ሳይቀድማት፣ ትንሿን ጠረጴዛ በዳሌዋ ገፍታ ታጋጥማታለች። «ይኸው፣ አሁን አንድ ሆንን።»

የእናቷ ሹካ አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ ቀስ ብላ ሳህኗን ይዛ ትነሳለች። ምድጃው ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ላቪናም ሳህኗን አንስታ ትከተላታለች።

«ምን አጠፋሁ?» ትላለች ግሌንዳ። ፊቷ ቀልቷል።

ሰሎማ ገበታውን ታያለች። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ለጥ ብሏል፤ የተመኘችው አንድ ገበታ ፊቷ ነው። የእናቷ ወንበር ባዶ ነው። ዝም ብላ ብትቀመጥ ማንም አይነካትም፤ እናቷ ግን ቆማ ትበላለች። በዚያ ልብ፣ በዚያ ጉልበት።

ትነሳለች። የትንሿን ጠረጴዛ ጫፍ ይዛ ወደ ራሷ ትጎትታለች። ጨርቁን ገልጣ መዳፏን መሃል ታስገባለች፣ አንድ ጋት መሆኑን ታረጋግጣለች፣ መልሳ ትሸፍነዋለች።

«ልጇ ነኝ» ትላለች፣ ጓደኞቿን ሳታይ። «ቃሌን አፍርሼ ነው ከዚህ ቤት የወጣሁት። ከእኔ ጋር አንድ ገበታ አትቀርብም። በዚህች ክፍተት ግን ትችላለች፤ ለእኔ ብላ ነው የተወቻት።»

ዊልማ ሹካዋን ታስቀምጣለች። ግሌንዳ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች።

የእናቷ እርምጃ ከምድጃው በኩል ይመጣል፤ የላቪናም ይከተላል። ወንበሯ ይንቋቋል። አሮጊቷ የረጠበውን ጨርቅ በመዳፏ ደጋግማ ታስተካክላለች፤ እጇ ክፍተቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«ከስተሻል» ትላለች፣ ሰሎማ ሠላሳ አንድ ዓመት ባልሰማችው በቤታቸው ቋንቋ። «ብዪ።»

እናቷ ሹካዋን ታነሳለች። ሰሎማም ታነሳለች።