ዝምድና የሌላት አድማጭ

«ከመምህሩ ጋር ዝምድና፣ ጓደኝነት ወይም የጥቅም ግንኙነት አለዎት?» ትላለች የዩኒቨርሲቲው የጥራት ክፍል ኃላፊ፣ ዓይኗን ከቅጹ ሳታነሳ።

«ከተኳረፍን ሰባት ወራችን ነው» እላለሁ። «ሁለት ጊዜም ከስሼዋለሁ። ይበቃል ወይስ ልጨምር?»

መምህሩ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ጎረቤቴ ነው። የእሱ አሸንዳ ወደ እኔ እየተፋ የስፌት ክፍሌን ግድግዳ አረጠበው፤ አንድ ጥቅል ጨርቅ ሻገተብኝ። አሸንዳህን አዙር ስለው «ውሃው ከእኔ አይደለም» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ስንገጣጠም እሱ ሰማይ ያያል፣ እኔ መሬት።

ዛሬ ግን ያስጠራኝ ራሱ ነው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ፣ የጋራ የሳይንስ ኮርስ የወሰደ ተማሪ የተማረውን ላልተማረ ሰው ማስረዳት አለበት ይላል፤ ያልተማረው ሰው ከአራት ያርማል። አምና መምህራኑ ሚስቶቻቸውንና አማቶቻቸውን ሰብስበው አመጡና ሁሉም አራት አራት ሆነ። ዘንድሮ ዝምድና ተከለከለ። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ደንብ ሲያከብር ለጉድ ነው፤ ከሰፈሩ ሁሉ እንደማይወደው እርግጠኛ የሆነበትን ሰው መርጦ በተላላኪ ደብዳቤ ላከብኝ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ መሄዴ እንኳ አልተቆጠረልኝም።

«ከሦስት በታች ከሆነ ኮርሱ ይሰረዛል» ትላለች ኃላፊዋ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። «አንተም የሚቀበልህ ሌላ ክፍል ካለ ትጠይቃለህ።»

ደስ ይለኛል። አልዋሽም፣ የመጣሁት ሲወድቅ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።

ከመምህሩ አጠገብ የቆመችው ተማሪው ጠረጴዛው ላይ ካሉት የታሸጉ የጥያቄ ፖስታዎች አንዱን ትመዛለች። ቀድዳ ታነባለች። «የቤት ግድግዳ ከምን ከምን ይረጥባል?»

ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። «አንተ ነህ ያስገባኸው! እዚህ ድረስ ጠርተህ ልትሳለቅብኝ?»

«ጥያቄዎቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ትላለች ኃላፊዋ። «ይቀመጡ።»

መምህሩን አየዋለሁ። ፊቱ አመድ መስሏል። እንዲህ ያለ ድንጋጤ በማስመሰል አይመጣም። እቀመጣለሁ።

ልጅቷ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ውሃ ታፈሳለች፤ የኃላፊዋን የማኅተም ቀለም አስፈቅዳ ጠብ ጠብ ታደርግበታለች። መሃሉ ላይ አንድ ጠመኔ ታቆማለች።

«እትዬ፣ ይሄን ይዩልኝ። ከላይ ማንም አላፈሰሰበትም፤ ቀለሙ ግን ሽቅብ እየወጣ ነው። ጠመኔው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ውሃው በእነሱ ይሳባል። ጡብም እንደዚሁ ነው። ከመሠረቱ ሥር እርጥበት ካለ ግድግዳው ይጠጣዋል።»

«የሰው አሸንዳ ሲያፈስበትስ?» እላለሁ፣ ሆን ብዬ ወደ መስኮቱ እያየሁ።

«እሱ ሌላ ነው፣ እትዬ። ከላይ የመጣ ውሃ ግድግዳውን ከጣሪያው ሥር ጀምሮ ነው የሚያበላሸው። ከመሬት የመጣው ከታች ይነሳና ወገብ አካባቢ ይቆማል። የቆመበት ቦታ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ መስመር ይተዋል። ከዚያ በላይ ደረቅ ነው።»

ከስፌት ማሽኔ ጀርባ፣ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ነጭ መስመር አለ። በየሳምንቱ በመጥረጊያ አራግፈዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። ከእሱ በላይ የሰቀልኩት የቀን መቁጠሪያ ጫፉ እንኳ ረጥቦ አያውቅም።

«የተረዱትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩን» ትላለች ኃላፊዋ። «አልገባኝም ካሉም እንደዚያው እንጽፋለን።»

አልገባኝም። አንዲት ቃል ናት። መምህሩ ቀና ብሎ ያየኛል፤ በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ልጅቷ ቀለም የነካ ጣቷን በቀሚሷ ልትጠርግ ትልና ትተወዋለች።

ወደ ኃላፊዋ እዞራለሁ። «ግድግዳዬ የሚጠጣው ከሥሩ ነው። ከላይ ቢሆን ኖሮ የቀን መቁጠሪያዬ ይረጥብ ነበር።»

«የምን የቀን መቁጠሪያ?»

«ይጻፉት። እሱ ይገባዋል።»

መምህሩ አፉን ይከፍታል። «እኔ እኮ ያኔም—»

«አንተ ዝም በል! ያኔ እንደዚህች ልጅ ብታስረዳኝ ምን ነበረበት? ‹ከእኔ አይደለም› ብለህ በር ዘጋህብኝ! ይሄ ነው ማስተማር?»

ልጅቷ ሳቋ ያመልጣትና አፏን በእጇ ትይዛለች። ኃላፊዋ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ትመታለች። «ነጥቡን ይናገሩ።»

«አራት። ለልጅቷ ነው። ለእሱ ዜሮ የሚጻፍበት መስመር የቱ ጋ ነው?»

«እንደሱ የሚል መስመር የለም።»

«እንግዲያው ኅዳጉ ላይ እኔው እጽፈዋለሁ።»

ጽፌ እፈርማለሁ። ቀና ስል ጠመኔው ወይን ጠጅ ሆኗል፤ አናቱ ላይ ጥፍር የምታክል ነጭ ብቻ ቀርታለች። እኔም እሱም፣ ሰማዩንም መሬቱንም ትተን፣ ያቺኑ ነጭ እናያለን።