የፈንገሱ ስም

የዶክትሬት ተማሪዋ ፈንገሱን በማይክሮስኮፕ ባየችው ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች። ከባሌ ጫካ፣ ከዛፍ ቅርፊት ላይ ራሷ በቢላ ፍቃ ያመጣችው ግራጫ ላይክን፣ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚሠሩት ልባስ፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ሌላ ፈንገስ ተጋድሞበታል፤ ንፍጥ የመሰለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የወረረው። ያስጠጋውን አይገድለውም፤ ከውስጥ እየመጠጠ ይኖርበታል። «ኤጭ፣ ቀፋፊ!» እያለች ዓመታት አጠናችው። እስከዛሬ ማንም የማያውቀው ዝርያ መሆኑን ያረጋገጠችውም እሷው ናት።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ፊታቸው በፈገግታ በርቶ ገቡ።

«እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ! የሳይንስ መጽሔቱ ጽሑፋችንን ተቀበለው። ፈንገሱንም በአንቺ ስም ሰይሜልሻለሁ።»

እጇን በጋዋኗ ጠረገች። «በእኔ ስም? ይሄን አስቀያሚ ነገር?»

«ክብር ነው እንጂ! ስምሽ ለዘላለም ሲጠራ ይኖራል።»

«እሺ፣ ጽሑፉ ላይስ የማን ስም ይቀድማል? የእኔ ነው የእርስዎ?»

ፕሮፌሰሩ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«ሰው ላገኘው ዝርያ የራሱን ስም ማውጣቱ በሙያችን ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? ስለዚህ አንቺን ጽሑፉ ላይ ካለው የአግኚዎቹ ዝርዝር አወጣሁሽ። እኔው ብቻዬን ቀረሁልሽ።»