የአሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ ገጽ

ታቢታ በ2003 ዓ.ም. ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ የአንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት የሰነድ ሠራተኛ ነበረች። ፕሮጀክቱ ዊኪ የሚሉት፣ ሠራተኛው ሁሉ ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት እየገባ የሚጽፍበት ማኅደር ነበረው። ማኅደሩ አርጅቶ በአዲስ ሊተካ ሆነ። የሠራተኞቹ፣ የለቀቁትም ሳይቀር፣ ስምና የይለፍ ቃል እንዳለ ተዛወረ፤ ጽሑፉ ግን እንቢ አለ። የድሮው የአጻጻፍ ምልክት አዲሱ ላይ አይነበብም፤ ርዕሱ በኮከብ ተከቦ፣ ሰንጠረዡ የእንጨት አጥር መስሎ ይመጣል። አራት መቶውን ገጽ በእጅ ማስተካከል የታቢታ ድርሻ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደአማኑኤል አንዲት ገጽ ብቻ እንድትተው አዘዟት፤ የአሥራ ሁለተኛውን ጉድጓድ። ገጿን የጻፉት አምና ጡረታ የወጡት ጂኦሎጂስት ጋሽ ገብረየስ ናቸው። ታቢታን ሥራ ያስለመዷትም እሳቸው ነበሩ። ለምን እንደምትተዋት ጠየቀች። አሮጌ ናት አሏት።

ታቢታ ነገሩ የገባት መሰላት። ሥራ አስኪያጁ የጉድጓዶቹን ሥራ በራሳቸው ስም ሊያቀርቡ ነው፤ የሽማግሌውን ድካም ውሃ ሊበላው ነው። ገጿን አስተካክላ አስገባች።

ሰኞ ስትመጣ ገጿ የለችም። እንደገና አስገባች፤ በሳምንቱ ጠፋች። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠፋ ቀጥ ብላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«የሰው ልፋት አይሰረዝም» አለቻቸው። «ቢያባርሩኝም እመልሳታለሁ።»

አቶ ወልደአማኑኤል ቀና ብለው አላዩዋትም። «ተዪው፣ ታቢታ» አሉ። «ለሰውየው ስል ነው።»

በማግሥቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ፈርማ ተቀበለች፤ የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ ገጿን ለአራተኛ ጊዜ አስገባች።

ከሰዓት በኋላ ገጿን አትማ በባጃጅ ሽማግሌው ወደሚኖሩበት ታቦር ሰፈር ወጣች። ጋሽ ገብረየስን በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሥራዎን እያጠፉብዎት ነው፣ ከጎኔ ይቁሙና እስከ በላይ አካል እንሂድ አለቻቸው። ደመወዟ ቢቆም፣ ከሥራ ብትባረርም ግድ እንደሌላት ነገረቻቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ውሃው ተመርምሮ ለመጠጥ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል የሚለው ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ያ ውሃ ተመርምሮ አያውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ሦስቱንም ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»