ትርፏ ነጥብ

በቴሌስኮፑ ሰሌዳ ላይ የተተከሉት የኮከብ ብርሃን መቀበያ ፋይበሮች አንድ ሺህ ናቸው፤ ቦታቸውን የሚለካው ካሜራ ግን አንድ ሺህ አንድ የብርሃን ነጥብ አሳየ።

«ትርፏ ካልታወቀች ጣሪያውን አልከፍትም» አለ ኃላፊው። «ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ፍጠኚ!»

ኢንጂነሯ ፀጉር የሚያህሉትን ፋይበሮች አንድ በአንድ አመሳከረች፤ ከቦታው ንቅንቅ ያለ የለም።

«እትዬ ጥሩዬን ትናንት በስርቆት ካባረርን ወዲህ ጠራጊ የለንም» አለ ኃላፊው። «አቧራ እንዳይሆን?»

ባትሪ ይዛ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለች። ከትናንት በስቲያ ፋይበሮቹን አጽድታ ጓንቷን ያወለቀችበት ጥግ ላይ፣ እትዬ ጥሩዬ «ልጄ ትሙት፣ አላየሁም!» እያሉ ያለቀሱበት የጋብቻ ቀለበቷ ያብረቀርቃል።

«ምንድን ነው?»

ቀለበቱን ኪሷ ከተተችና፣ «አቧራ ነው» አለች።